ጥምር ቃልን ስለ መክፈል፤ ፊደል፣ ቁቤና የእንግሊዝኛ ንባብ በጌዶ

፩. መግቢያ

የዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ዓላማ አንድ የእንግሊዝኛ ጥምር ቃል በጌዶ ተማሪ ፊት በቀረበ ጊዜ ስለ ምን በማይገባው ቦታ ላይ እንደሚከፈል ከታሪክ መርምሮ ማስረዳት ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጠው ትምህርት ሁሉ በእንግሊዝኛ በመሆኑ ቃሉን በትክክል መክፈል ያልቻለ ተማሪ ሳይንሱንም፣ ጂኦግራፊውንም፣ ታሪኩንም ያጣል። ስለዚህ ጉዳዩ የቋንቋ መምህራን ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ነው።

ጌዶ በምዕራብ ሸዋ፣ በጨሊያ ወረዳ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር አልፎ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ያቋርጣታል፤ ወደ ፊንጫ የሚሄደውም መንገድ የሚለየው ከዚሁ ነው። የአገሩ ሕዝብ በቤቱ ኦሮምኛ ይናገራል፤ በገበያውና በመሥሪያ ቤቱ አማርኛም ይሰማል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግዕዝ ይነበባል፤ በትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ይማራል። እንግዲህ የጌዶ ልጅ አንድን የእንግሊዝኛ ቃል ሲያነብ ብቻውን አያነብም፤ እነዚህ ሁሉ ቋንቋዎችና ሁለት የጽሕፈት ሥርዓቶች አብረውት ያነባሉ።

ይህን ጥናት ለመጀመር ያነሣሣን በራሳችን ላይ የደረሰ ነገር ነው። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን በንባብ ሰዓት «ሚስሃፕ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መጣ። ትርጉሙ ያልታሰበ አደጋ ማለት ነው። እኛ ከጌዶና ከአካባቢው የመጣን ተማሪዎች ያለ ማመንታት «ሚሻፕ» ብለን አነበብነው። ክፍሉ ሳቀ። ቀጥሎ «ሼፐርድ» የሚለው ቃል መጣ፤ እረኛ ማለት ነው። ግማሾቻችን «ሼጰርድ» አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ «ሼፈርድ» አልን። ከመካከላችን አንዱ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ ድረስ በግ ሲጠብቅ ያደገ ነበር፤ የገዛ ሥራውን ስም በመጽሐፍ ላይ ሊያውቀው አልቻለም። በዚያን ቀን የተሰጠን ፍርድ «እነዚህ ልጆች አይገባቸውም» የሚል ነበር። ይህ ፍርድ ትክክል አለመሆኑን ከዚህ በታች እናሳያለን።

፪. ሁለቱ የአከፋፈል መንገዶች

አንድን ቃል በሁለት መንገድ መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያው በድምፅ ነው። በአንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣውን፣ አንድ አናባቢ ያለበትን ክፋይ ቀለም እንለዋለን፤ የግጥም መምህራን ስንኝ ሲለኩ በዚሁ ስም ይጠሩታል። ሁለተኛው በትርጉም ነው። ቃሉ የተሠራባቸውን ትርጉም ያላቸውን ቁርጥራጮች የቃሉ አካላት እንላቸዋለን፤ የቋንቋ ሊቃውንት ምዕላድ ይሏቸዋል።

ሁለቱ አከፋፈሎች አንዳንድ ጊዜ ይገጥማሉ። «ብላክቦርድ» በድምፅ ሁለት ቀለም ነው፤ በትርጉምም ሁለት አካል ነው፤ «ብላክ» ጥቁር፣ «ቦርድ» ሰሌዳ። ድንበራቸውም አንድ ነው። ብዙ ጊዜ ግን አይገጥሙም። «ሄሊኮፕተር» የሚለውን ቃል እንመልከት። በድምፅ ሄ፣ ሊ፣ ኮፕ፣ ተር ተብሎ በአራት ይከፈላል። ቃሉ ግን የተሠራው ከሁለት የግሪክ ቃላት ነው፤ ከ«ሄሊክስ»፣ ማለት ጥምዝ፣ እና ከ«ፕቴሮን»፣ ማለት ክንፍ። እንግዲህ የአካሉ ድንበር ያለው ከ«ኮ» በኋላ ከ«ፕ» በፊት ነው፤ ማለት በአንዱ ቀለም መካከል ነው። የቋንቋው ባለቤቶችም ራሳቸው በዚህ ቃል ተሳስተዋል፤ «ሄሊ» ለብቻው አንድ አካል መስሏቸው የሄሊኮፕተር ማረፊያውን «ሄሊፖርት» ብለው ሰየሙት። ስሕተቱም ዛሬ ቃል ሆኖ በመዝገበ ቃላት ገብቷል።

የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ከሁለቱ መንገዶች የቱ እንደሚበልጥ ገና አልተስማሙም። አሜሪካዊው ኖኅ ዌብስተር እ.ኤ.አ. በ1783 የፊደል መማሪያ መጽሐፉን ሲያሳትም የድሮውን አከፋፈል ነቀፈ። በድሮው ደንብ ልጆች «ሃቢት» የሚለውን ቃል «ሃ» እና «ቢት» ብለው፣ «ክላስተር» የሚለውን «ክላ» እና «ስተር» ብለው ይከፍሉ ነበር። ዌብስተር ግን ቃሉ እንደሚነገረው «ሃብ» እና «ኢት»፣ «ክላስ» እና «ተር» ተብሎ እንዲከፈል አደረገ። ምክንያቱም ልጁ ቃሉን በተሳሳተ ቦታ ከከፈለው በተሳሳተ ድምፅ ያነበዋል የሚል ነበር። ከዚህ የተነሣ እስከ ዛሬ አሜሪካውያን በመሥመር መጨረሻ ላይ ቃልን ሲቆርጡ በአመዛኙ ድምፅን ይከተላሉ፤ እንግሊዞች ደግሞ የቃሉን ሥር ይመለከታሉ። ዕውቀት ማለት የሆነውን «ኖሌጅ» የሚለውን ቃል አሜሪካዊው ከ«ኖል» በኋላ ይቆርጠዋል፤ እንግሊዛዊው ግን ማወቅ የሚለውን «ኖ» ሳይነካ ከእርሱ በኋላ ይቆርጠዋል። እንግዲህ ለጌዶ ተማሪ የተተወው ጥያቄ ባለቤቶቹንም ያከራከረ ነው።

፫. ፊደል ያስተማረን

በአገራችን ይህ ክርክር ለብዙ ዘመናት አልተነሣም። ምክንያቱ በፊደላችን ጠባይ ይገኛል። በአራተኛው መቶ ዓመት፣ በንጉሥ ዔዛና ዘመን ገደማ፣ የግዕዝ ፊደል አናባቢን በራሱ ቅርጽ ላይ ማሳየት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ አድርጎ የያዘ ሆነ። በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ይደረግ ስለ ነበር ቃሉ የት እንደሚያልቅ በግልጥ ይታያል። ጸሐፊው የብራናው መሥመር ካለቀበት ቃሉን ባለበት ፊደል ላይ ትቶ ቀሪውን በሚቀጥለው መሥመር ይጽፈዋል፤ የመቁረጫ ምልክት አያስፈልገውም። እንግሊዛዊው ማተሚያ ቤት ብዙ ደንብ ያወጣበትን ነገር የኛ ጸሐፊ ያለ ደንብ ሠራው።

ነገር ግን ይህ ምቾት ሁለት ነገር ሸፈነብን። አንደኛው ሳድስ ፊደል ነው። ሳድስ አንዳንድ ጊዜ አናባቢ አለው፤ አንዳንድ ጊዜ የለውም። ጥንካሬ ማለት የሆነውን «ስትሬንግዝ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በፊደላችን ብንጽፈው ስድስት ፊደል ይሆናል፤ ከነዚህም አምስቱ ሳድስ ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን ቃሉ አንድ ቀለም ብቻ ነው። ፊደልን ቀለም አድርጎ መቁጠር የለመደ ልጅ በዚህ ቃል ላይ ትንፋሹን ብዙ ጊዜ ይሰብራል፤ ወይም ከፊቱ «እ» ጨምሮ ያቀለዋል። «እስኩል» እና «እስፖርት» የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። «ገና» ስንጽፍ የልደት በዓል ይሁን ወይስ ጊዜው አለመድረሱን የሚያመለክተው ቃል ፊደሉ አይነግረንም። «ዋና» ብለንም ስንጽፍ በውሃ ላይ የሚዋኘው ይሁን ወይስ ተቀዳሚው አይለይም። በሚጠብቀው ቃል «ን» በሁለቱ ቀለሞች መካከል ተከፍሎ አንዱ የፊተኛውን ይዘጋል፣ ሌላው የኋለኛውን ይከፍታል፤ በሚላላው ቃል ግን «ን» የኋለኛው ብቻ ነው። ይህ ዌብስተር በ«ሃቢት» ላይ ያነሣው ጥያቄ ራሱ ነው። እኛ በጆሯችን እናውቀዋለን እንጂ በዓይናችን አናየውም።

ሆኖም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጆሮን አላሰነፈም። ተማሪው ፊደል ከቆጠረ በኋላ በመጀመሪያ ግዕዝ በሚባለው ስልት ቀስ ብሎ እየለየ ያነባል፤ ቀጥሎ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ቁም ንባብ ይማራል። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የተባሉት ስሞችም ድምፅ በቃሉ ላይ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ የሚያስተምሩ ናቸው። በእንግሊዝኛም ድምፁ የሚነሣበት ቦታ ትልቅ ሥራ አለው። «ብላክቦርድ» በፊተኛው ክፍል ላይ ድምፅ ሲነሣ የትምህርት ቤት ሰሌዳ ነው፤ «ብላክ» እና «ቦርድ» ተለያይተው፣ የኋለኛውም ድምፅ ሲነሣ፣ ማናቸውም ጥቁር ሳንቃ ሊሆን ይችላል። የየኔታ ተማሪ ይህን ቢነገረው ቶሎ እንደሚገባው አንጠራጠርም።

፬. ባለቤቱ የቱ ነው?

ጥምር ቃልን ከፍሎ ማቆም አይበቃም፤ ከሁለቱ አካላት ዋናው የትኛው እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ የግዕዝ ሰዋስው ጥንታዊ ዕውቀት አለው። ግዕዝ ሁለት ስሞችን ሲያናብብ ፊተኛውን ባለቤት፣ ኋለኛውን ዘርፍ ይለዋል፤ የባለቤቱንም መጨረሻ ይለውጣል። ቤት «ቤተ» ሆኖ ቤተ መንግሥት፣ ሀገር «ሀገረ» ሆኖ ሀገረ ሕይወት ይባላል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አምቦ ሀገረ ሕይወት የተባለችበት ስም በዚህ ደንብ የተሠራ ነው። በሚበዛበትም ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ተብሎ ፊተኛውም ይለወጣል።

አማርኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱን ወደ ኋላ ያደርጋል፤ ትምህርት ቤት፣ ምግብ ቤት፣ አየር መንገድ፣ እግር ኳስ። ስለዚህ ሲበዛ «ትምህርት ቤቶች» ይላል እንጂ ፊተኛውን አያበዛም። እንግሊዝኛም እንደ አማርኛ ነው፤ «ፉትቦል» የሚለውን ቃል ከፍለን በየቦታው «እግር» እና «ኳስ» ብንተካ አማርኛው ሳይገለበጥ ይወጣል።

ኦሮምኛ ግን እንደ ግዕዝ ባለቤቱን ያስቀድማል። ትምህርት ቤት «መነ በሩምሳ» ነው፤ ቃል በቃል ቤት ትምህርት። ጥቁር ሰሌዳ «ገበቴ ጉራቸ» ነው፤ ሰሌዳ ጥቁር። አማርኛ ተናጋሪው አምቦ ውሃ የሚለውን ኦሮምኛ ተናጋሪው «ቢሻን አምቦ» ይለዋል። ከ1920ዎቹ ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ በአገሩ ሁሉ የሚጠጣው ይህ ውሃ እንኳ ከምንጩ ሳይርቅ በሁለት ተራ ይጠራል።

ከዚህ የተነሣ የጌዶ ልጅ በእንግሊዝኛ ጥምር ቃል ላይ የሚሳሳተው በመክፈል ብቻ አይደለም። «ሃውስቦት» እና «ቦትሃውስ» የሚሉትን ሁለት ቃላት እንውሰድ። «ሃውስ» ቤት፣ «ቦት» ጀልባ ነው። ፊተኛው ቃል ሰው የሚኖርበት ጀልባ ማለት ነው፤ ኋለኛው ጀልባ የሚቀመጥበት ቤት ማለት ነው። በኦሮምኛ የሚያስብ ልጅ ሁለቱንም በትክክል ከፍሎ ትርጉማቸውን ሊያገላብጠው ይችላል። አከፋፈሉን አላጠፋም፤ ባለቤቱን የፈለገው የእናት ቋንቋው ባስተማረው ቦታ ላይ ነው።

የግዕዙና የኦሮምኛው መንገድ መመሳሰል በቤት ውስጥ ስሞች ላይ ይበልጥ ይታያል። እመቤት ማለት እመ ቤት፣ የቤት እናት ነው፤ ኦሮምኛውም የቤቱን ሴት «ሃዸ መና» ይላታል፤ እርሱም የቤት እናት ነው። ባለቤት የሚለውም ከግዕዙ በዓለ ቤት የወጣ ሲሆን ኦሮምኛው «አባ መና» ይለዋል። እመቤቴ የሚለው በንግግር ብዛት አጥሮ እሜቴ ሆኗል፤ ዛሬ በእሜቴ ውስጥ ቤት እንዳለ ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። እንግሊዝኛም ይህን አድርጓል። «ሎርድ» የሚለው አንድ ቀለም ያለው ቃል በጥንቱ እንግሊዝኛ የእንጀራ ጠባቂ የሚል ጥምር ቃል ነበር፤ «ሌዲ» የሚለውም ሊጥ ከምታቦካ ሴት ስም የመጣ ነው። እንግዲህ ጥምር ቃል ሁሉ ተከፋፍሎ አይታይም፤ ጊዜ አንዳንዱን ድንበር ያጠፋዋል።

፭. ኦሮምኛ ሲጻፍ

ከጌዶ በስተ ምዕራብ፣ በዚያው መንገድ ላይ ባለችው በነቀምቴ፣ ኦሮምኛን ለመጻፍ የደከመው ኦኔሲሞስ ነሲብ ከ1890ዎቹ ጀምሮ አስተምሯል። ኦኔሲሞስ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1894 በምንኩሉ የፊደል መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ በስዊትዘርላንድ ታተመ። ሁለቱም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው።

ይህ ሥራ ታላቅ ቢሆንም ከላይ ያልነው ችግር ተከትሎታል። «ሶዳ» ተብሎ በፊደል ሲጻፍ «ዳ» ከላላ ፍርሃት ነው፤ ከጠበቀ አማች ነው። ሰው አማቹን ሊፈራ ይችላል፤ ሁለቱ ግን አንድ ቃል አይደሉም። ልዩነቱም በቀለም አከፋፈል ላይ ነው፤ ፍርሃት የሆነው «ሶ» እና «ዳ» ተብሎ ሲከፈል፣ አማች የሆነው «ሶድ» እና «ዳ» ተብሎ ይከፈላል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ኦሮምኛን በዚሁ ፊደል አስተማረ።

በ1984 ዓ.ም. ቁቤ ተብሎ የሚጠራው በላቲን ፊደል የተመሠረተ ጽሕፈት ለኦሮምኛ ተመረጠ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም በእናት ቋንቋ መማርን ስለ ፈቀደ ቁቤ በጌዶ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ሆነ። ቁቤ የሚጠብቀውን ተነባቢ ሁለት ጊዜ፣ የሚረዝመውንም አናባቢ ሁለት ጊዜ ይጽፋል። አማችና ፍርሃት በወረቀት ላይ ተለያዩ። ልጁም ቃሉን በቀለም ሲከፍል በሁለቱ ተመሳሳይ ተነባቢዎች መካከል መቁረጥን በዓይኑ እያየ ተማረ።

እኛ ይህን ጥናት ስንጀምር ቁቤን የተማረ ልጅ እንግሊዝኛን ያለ ችግር ይከፍላል የሚል አሳብ ነበረን፤ ፊደሎቹ አንድ ናቸውና። ወደ ነገሩ ጠልቀን ስንገባ ግን ይህ አሳባችን ግማሹ ብቻ እውነት ሆኖ አገኘነው። ቁቤ ጥንድ ፊደሎች አሉት። ለ«ሽ» ድምፅ ሁለት የላቲን ፊደሎች አብረው ይጻፋሉ፤ ለ«ጰ»፣ ለ«ኝ»፣ ለ«ች» እና ለ«ዸ» እንዲሁ። እነዚህ ጥንዶች አይከፈሉም፤ ሁልጊዜ አንድ ድምፅ ናቸው። ልጁ ይህን ደንብ በሚገባ ይማራል፤ ደንቡም በኦሮምኛ ውስጥ የታመነ ነው።

አሁን «ሚስሃፕ» ወደሚለው ቃል እንመለስ። ቃሉ ሁለት አካል አለው፤ ክፉነትን የሚያመለክተው «ሚስ» እና ዕድል ማለት የሆነው «ሃፕ»። የፊተኛው መጨረሻና የኋለኛው መጀመሪያ ሲገናኙ በአጋጣሚ የ«ሽ»ን ጥንድ ይሠራሉ። ቁቤ የተማረው ልጅ ጥንዱን አይከፍልም፤ ስለዚህ «ሚሻፕ» ይላል። በ«ሼፐርድ»ም እንዲሁ ነው፤ ቃሉ በግ ማለት ከሆነው «ሺፕ» እና ጠባቂ ማለት ከሆነው «ኸርድ» የተሠራ ነው። በድንበሩ ላይ የተገናኙትን ሁለት ፊደሎች ቁቤን የተከተለው «ጰ» ብሎ ያነባቸዋል፤ «ፎቶ» እና «ቴሌፎን» የሚሉትን ያስታወሰው «ፈ» ይላቸዋል። ሁለቱም የተማሩትን ደንብ ጠብቀዋል። የጎደላቸው ከፊደሎቹ በታች የቃሉ ድንበር እንዳለ የነገራቸው ሰው ነው። ያ እረኛ የነበረው ጓደኛችን ከሥራው ጋር የተለያየው በአንድ ያልታየ ድንበር ምክንያት ነበር።

፮. አካሉ ተገኝቶ ትርጉሙ ሲሰወር

አንድ ነገር ደግሞ መጨመር ይገባል። አካላቱ ሁሉ ቢታወቁም ጥምር ቃሉ ሁልጊዜ የድምራቸው ውጤት አይሆንም። ከጌዶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ሆለታ አካባቢ አበባ የሚመረትባቸው ነጫጭ የላስቲክ ቤቶች ያያል። ስማቸው በእንግሊዝኛ «ግሪንሃውስ»፣ ከፍለን ስንተረጉመው አረንጓዴ ቤት ነው። ቤቱ ነጭ ነው፤ አረንጓዴው በውስጡ የሚያድገው ተክል ነው።

«ሃይላንድ» የሚለው ቃል ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በመንገድ ዳር የሚቆሙ ሕፃናት መንገደኛውን «ሃይላንድ» እያሉ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ይለምኑታል። ቃሉ ከአንድ የታሸገ ውሃ ስም የመጣ ሲሆን «ሃይ» ከፍ ያለ፣ «ላንድ» ምድር ማለት ነው፤ በአንድ ቃል ደጋ ነው። በደጋ ተወልደን በደጋ ያደግን ልጆች የአገራችንን ጠባይ ስም የፕላስቲክ ዕቃ ስም አድርገን ስንጣራ ኖረናል። ቃሉን ከፍሎ ያሳየን ሰው ስላልነበረ ነው።

በአንጻሩ አንዳንድ ጊዜ ሁለት ቋንቋዎች ሳይነጋገሩ ይገናኛሉ። እንግሊዞች የጠዋቱን ምግብ «ብሬክፈስት» ይሉታል፤ ጾምን መስበር ማለት ነው። እኛ ቁርስ እንለዋለን፤ ከመቁረስ የመጣ ነው። እነርሱ የሚሰብሩት ጾሙን፣ እኛ የምንቆርሰው እንጀራውን ነው። እንዲህ ያለውን ንጽጽር በክፍል ውስጥ የሰማ ተማሪ ቃሉን ዳግመኛ የሚረሳው አይመስለንም።

፯. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከዘረዘርነው የሚከተለውን ለመረዳት ይቻላል። ፊደል የጌዶን ተማሪ ቀለምን እንዲሰማ አስተማረው፤ ነገር ግን የሚዘጋውን ቀለም ሸፈነበት። የግዕዝ ሰዋስው ባለቤትንና ዘርፍን ለየለት፤ ተራቸው ግን ከእንግሊዝኛው የተገለበጠ ነው። ኦሮምኛ ባለቤቱን በፊት አስለመደው። አማርኛ የእንግሊዝኛውን ተራ ሰጠው። ቁቤ ተነባቢውንና አናባቢውን ለያይቶ አሳየው፤ ጥንዶቹን ግን እንዳይነካ አዘዘው። ስለዚህ ተማሪው የሚሠራው ስሕተት ከድንቁርና የሚመጣ አይደለም፤ ብዙ ደንብ ከማወቅና የትኛው ደንብ በየት እንደሚሠራ ካለመነገር የሚመጣ ነው።

በበኩላችን ለመምህራን የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። አዲስ ጥምር ቃል በመጣ ቁጥር ተማሪው ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ፤ ትንፋሹ የት ይሰበራል? ትርጉሙ የት ይከፈላል? ከተከፈሉትስ ባለቤቱ የቱ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች በኦሮምኛም፣ በአማርኛም፣ በግዕዝም ምሳሌ አድርጎ መጠየቅ ይቻላል፤ ተማሪው ከቤቱ ይዞት የመጣው ዕውቀት በክፍሉ ውስጥ ዋጋ ያገኛል። ለዚህ አዲስ መጽሐፍ ወይም አዲስ ገንዘብ አያስፈልግም።

ጥናታችን በአንድ አካባቢ የተወሰነና ከራሳችን ልምድ የተነሣ በመሆኑ ጉድለት እንደሚገኝበት እናውቃለን። ከሌላ አውራጃ የመጡ ጓደኞቻችን በየቋንቋቸው ያለውን ሥርዓት ቢጨምሩበት ሥራው ይሟላል። መምህራኖቻችንም ስሕተቱን ቢያርሙልን በአክብሮት እንቀበላለን። ያ «ሚሻፕ» ብለን ባነበብንበት ቀን የሳቁብንን ግን ዛሬ አንወቅሳቸውም፤ እኛም ብንሆን ምክንያቱን ያወቅነው በቅርብ ነውና።